ስሟ ያልተጠየቀ ማንኪያ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ፣ መሀለኛው መስመር ላይ ጎማዬ ይተንፍስ፤ ያን ጊዜ ስልኬም አንድ ፐርሰንት ይሁን። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከዚህ የከበደ መሐላ የሚምል ካለ አምጡልኝ። ነገሩ ስለ አንድ የብረት ድስት፣ ስለ አንዲት የቀርከሃ ማንኪያና ስለ ሁለት የሀገራችን ልጆች ነው። ሳወራው ሰው «ሂድ ወዲያ!» ይለኛል። ይበል። እኔ ከባለታሪኩ ከሲራክ አፍ ነው የሰማሁት።

አሌክሳንድሪያ ገብታችሁ ስለ ሲራክ ብትጠይቁ፣ የሚያውቀው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳላችሁ ውሸቱን ነው። ሰው የሚጎዳ ውሸት አይደለም፤ የሚያስቅ ነው። አንዴ «የፖቶማክ ወንዝ ዝይ ድልድዩን ሙሉ በእግሯ ተከትላኝ መጥታ የመኪናዬን መስታወት አንኳኳች» ብሎ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አሳምኗል። ሥራው ለሕሙማን በየቤታቸው ኦክስጅን ማድረስ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ሦስት፣ ሚስት የለው፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እታለማሁ ጋር ነው የሚኖረው። እናትየው ደግሞ ልጃቸው ያላቸውን ሁሉ ያምናሉ። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ መዘዙ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

መስከረም ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ታንክ እየገፋ በር አንኳኳ። የከፈተችለት ልጅ ፊቱን ሳይሆን እግሩን አየች።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«ሊፍት ውስጥ ሆነህ በስልክ ስትጮህ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። አውልቅ።»

አወለቀ። የግራ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። ልጅቷ ጣቱን አየች፣ ከዚያ ፊቱን አየች፣ ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ነበር የነከሰችው። ሲራክ እንደሚለው እዚያው ደጃፍ ላይ አለቀለት።

ብሩክታይት ትባላለች። በዲቪ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። ሚስስ ሃሩኮ የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ጃፓናዊት ታስታምማለች፤ የምታድረውም እዚያው ነው። አሮጊቷ በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቶላቸው ከማሽን ነው የሚተነፍሱት፤ ታንኩ ከቤት ሲወጡና መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ነው። ደህና ሳሉ የሀገራቸውን የሻይ ሥርዓት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብሩክታይትን እጃቸው አደረጓት። እሳቸው በአፋቸው ያዛሉ፣ እሷ ትሠራለች።

ሳሎኑ መሀል የሣር ምንጣፍ ተነጥፎ ዕቃዎቹ ተደርድረውበታል። ሆዱ የሰፋ ጥቁር የብረት ድስት አለ። በሁለት እጅ የሚታቀፍ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን አለ። አረንጓዴው የሻይ ዱቄት የሚቀመጥበት ክዳናም ሙዳይ፣ ጫፉ እንደ ፀጉር የተሰነጣጠቀ የቀርከሃ መምቻ፣ ቀይ የሐር ጨርቅ፣ ከትንሽ ጣት የማትወፍር ጫፏ የጎበጠ የቀርከሃ ማንኪያ። በወጉ ቢሆን ድስቱ በከሰል ነው የሚፈላው። ኦክስጅን ባለበት ቤት እሳት ክልክል ነውና የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጥደውታል።

«እንግዳ አጥተዋል» አለችው ብሩክታይት። «ጓደኞቻቸው ሞተው አልቀዋል። ዐሥር ደቂቃ አለህ?»

ገና ስድስት ቤት ይቀረዋል። «ቀኑን ሙሉ አለኝ» አለ።

አንበረከከችው። ማንኪያዋን በሐሩ ጨርቅ ጠረገች፣ ከሙዳዩ አረንጓዴውን ዱቄት ጨለፈች፣ ውሃ ጨምራ አረፋ እስኪሠራ በመምቻው መታችው። ሳህኑን አቀረበችለትና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። በሕይወቱ ማንም እንዲያ እጅ ነስቶት አያውቅም።

ቀመሰ። «ጌሾ ነው?»

«ዝም ብለህ ጠጣ። ደግሞ አዙረው። ሳህኑ ፊት አለው፤ በፊቱ በኩል አይጠጣም።»

«በፊቱ ብጠጣ ይቆጣል?»

«እኔ እቆጣለሁ።»

አሮጊቷ አማርኛ አይሰሙም። ግን ቱቧቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞውና በየዓርቡ እንግዳ ሆነ። ኩባንያው ለምን በየጊዜው እዚያ ሕንፃ ላይ እንደሚዘገይ ሲጠይቀው «ሊፍቱ ተበላሽቶ» ይላል። ያ ሊፍት በሲራክ አፍ ሃያ ጊዜ ተበላሽቷል።

የእንግዳ የመጨረሻ ሥራው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። የሻይ ማንኪያ ስም አላት፤ እንግዳው ስሟን ይጠይቃል። ካልጠየቀ አስተናጋጇ አትናገርም። ደንቡ ነው።

«ስሟ ማነው?» አለ ሲራክ፣ እንደተማረው።

«የዘገየ ዝናብ።»

«ማን አወጣላት?»

ብሩክታይት ወደ አሮጊቷ ዞር ብላ ፈቃድ እንደመጠየቅ አየቻቸው። «ማንኪያዋን የቀረጿት ባላቸው ናቸው። ዝምተኛ ነበሩ አሉ። አግቢኝ ማለት አቃታቸውና ማንኪያ ቀርጸው ሰጧቸው። ‹ስሟን አንቺ አውጪ› ብለው። በሚቀጥለው ሻይ ላይ መጥተው ጠየቁ። ስሟ ነው መልሱ።»

«የዘገየ ዝናብ እሺ ነው እምቢ?»

«ዘግይተሃል፣ ግን ዘንበሃል ማለት ነዋ! ስድሳ ዓመት አብረው ኖሩ።»

ሲራክ አልቀለደም። ማንኪያዋን አየ፣ ብሩክታይትን አየ። እሷ ሳህኑን የምታጥብ መሰለች። ሳህኑ ግን ታጥቦ ካለቀ ቆይቷል።

አሌክሳንድሪያ፣ ከሚኖርበት አፓርትመንት ጀርባ፣ ቀርከሃ እንደ አረም በቅሎ አስፋልት እየሰነጠቀ ጎረቤቱን ያስለቅሳል። ከዚያ ቆረጠ። በእንፋሎት እያጎበጠ፣ ካርቶን በሚቀድበት ምላጭ ይቀርጽ ጀመር። ዐሥራ ሰባት ሰበረ። ሌላ ነገር ቢሆን መቶ ሰበርኩ ይለኝ ነበር፤ ሲራክ ዐሥራ ሰባት ካለ ዐሥራ ሰባት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ስቴኪኒ ልትነግድ ነው?» አሉት እናቱ፣ ወለሉ ላይ የተበተነውን ፍርፋሪ እያዩ።

«ማንኪያ ነው እማዬ። ለብሩክታይት።»

«ማንኪያ ቸግሯት ነው?»

እዚህ ላይ ነው ልማዱ የጣለው። በስልኩ ያነሳትን ቪዲዮ አወጣ። ብሩክታይት ተንበርክካ፣ እጆቿን ምንጣፍ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ስትል ይታያል። ከፊቷ ድስቱ ይጨሳል።

«ለማን ነው የምትሰግደው?» አሉ።

«ለድስቱ።»

«ለድስቱ?»

«አራት መቶ ዓመቱ ነው እኮ እማዬ። ውስጡ መንፈስ አለ፤ ሲፈላ ያናግራቸዋል። አሮጊቷ ሲደክሙ ብሩክታይትን ተተኪ አደረጓት። እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ እሰግዳለሁ። ቁርጠቴ በምን የተሻለኝ መሰለሽ?»

የእናቱን ፊት አይቶ በሳቅ ሊፈነዳ ሲል ስልኩ ጮኸ። አርሊንግተን ውስጥ ታንክ ያለቀበት በሽተኛ። ጫማውን እያጠለቀ ወጣ። «ቀልዴን ነው» የምትለዋ ቃል እዚያው ከቀርከሃው ፍርፋሪ ጋር ቀረች፤ ሲመለስ ረስቷታል። እናቱ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። እሱ ጾም መስሎት አልጠየቃቸውም።

ዐሥራ ስምንተኛዋን ማንኪያ ዓርብ ዕለት ለብሩክታይት ሰጣት። ትንሽ ትንጋደዳለች፤ አንገቷ ላይ ምላጭ ያዳለጣት ምልክት አለ። ልጅቷ መዳፏ ላይ አስተኝታ ብዙ አየቻት።

«ስሟ ማነው?»

«ስሟን አንቺ አውጪ።»

ድስቱ ብቻ ያንሾካሽካል። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ተኝተው እንዳይመስላችሁ።

«ማክሰኞ ና» አለች በመጨረሻ። «እንደ ደንቡ ትጠይቀኛለህ።»

«አሁን ብጠይቅሽስ?»

«አሁን ገና ስም የላትም። ሂድ፣ ባዶ ታንክህን ይዘህ ውጣ።»

ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። እሱ ኮሪደሩ መጨረሻ እስኪደርስ ግን በሩ ሲዘጋ አልሰማም።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን አጣፉ። ጸበል የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በቦርሳቸው ያዙ። አድራሻውን ከልጃቸው የሥራ ወረቀት ላይ አገኙት። እንግሊዝኛ የማይችሉ ሴትዮ፣ ወረቀቷን ለሹፌሩም ለመንገደኛውም እያሳዩ፣ በአውቶቡስና በባቡር ሁለት ሰዓት ተጉዘው ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ። ለክፋት አልነበረም። የአንድ ልጃቸውን ነፍስ ሊያስመልጡ ነው።

«የሲራክ እናት ነኝ» አሉ በሩ ላይ።

ብሩክታይት መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ልቧ ሞቀ። ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ሊያዩዋት የመጡ መሰላት። ጉልበታቸውን ስማ አስገባቻቸው። እጇ የምታውቀውን ትልቁን ክብር ልትሰጣቸው ፈለገች። ድስቱን ጣደች፣ ሳህኑን አሞቀች፣ የዘገየ ዝናብን በሐሩ ጠረገች። ከዚያ ተንበርክካ እስከ ምንጣፉ እጅ ነሳቻቸው።

ድስቱ በመሀላቸው ነበር። ከወይዘሮ እታለማሁ መቀመጫ ሲታይ የሰገደችው ለድስቱ ነው።

«በስመ አብ!» ብለው ተነሡ። ጠርሙሱን ከፍተው ድስቱ ላይ፣ ሳህኑ ላይ፣ ምድጃው ላይ አፈሰሱት። ምድጃው ቸስ አለ፣ ሰማያዊ ብልጭ አለ፣ መብራቱ ጠፋ። አብሮት የኦክስጅኑ ማሽን ዝም አለ።

ያ ማሽን ቀን ከሌት ሲያጉረመርም የኖረ ነው። ያን ዝምታ እስካሁን እንደምትሰማው ብሩክታይት ለሲራክ ነግራዋለች።

መጠባበቂያውን ታንክ ልታመጣ ሮጠች። እየገፋች ስትመለስ ጎማው ምንጣፉ ላይ ወጣ፤ ቀጭን ነገር ሲሰበር ተሰማ። የዘገየ ዝናብ ለሁለት ተሰብራለች። የታንኩ ቁልፍ አልዞር ብሏት ለመክፈት አራት ደቂቃ ፈጀባት። የሚስስ ሃሩኮ ከንፈር ጠቆረ። ወይዘሮ እታለማሁ ጠርሙሱን ጥለው የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «አይዞሽ እናቴ! አይዞሽ በሞትኩት!» ይላሉ። መንፈሱን ረስተውታል።

ትንፋሻቸው ተመለሰ። አምቡላንሱ ሲጠበቅ ብሩክታይት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጠየቀቻቸው።

«ምን አድርገንዎት ነው እማማ?»

«ልጄ ነው የነገረኝ። ድስት ታመልካላችሁ፣ እሱም ይሰግዳል አለኝ። ምን ላድርግ? ሌላ ልጅ የለኝም።»

«ሲራክ ነው ያለዎት?»

«በገዛ አፉ።»

ብሩክታይት ሌላ አልጠየቀችም።

ሲራክ ነገሩን ሰምቶ ሆስፒታል የደረሰው ከነሥራ ልብሱ ነው። ብሩክታይት ቀና ብላ አላየችውም። ዓርብ ዕለት፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሚስስ ሃሩኮ ጣታቸውን እንደ ማንኪያ አጉብጠው ለብሩክታይት አሳዩዋት። የአዲሷን ማንኪያ ስም መጠየቃቸው ነው። እሳቸው እንግዳ ሆነው ጠይቀዋልና ልጅቷ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። አሮጊቷ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዙረው ሲራክን በእንግሊዝኛ «ጠይቃት» አሉት።

ለመጠየቅ አፉን ከፈተ። ብሩክታይት በእጇ አስቆመችው።

ቅዳሜ ማለዳ ሚስስ ሃሩኮ ሞቱ። ሐኪሙ ሳንባቸው ድሮም ማለቁን፣ ብዙ እንደማይቆዩ መታወቁን ተናገረ። ማንም ማንንም አልከሰሰም። ያ ነው የባሰው።

እሑድ ከሕንፃው በታች አገኛት። ዓይኗ አብጧል።

«ስቀህ ነበር?» አለችው።

«ምን?»

«ለእናትህ ስትነግራቸው። ስቀሃል?»

መዋሸት ይችል ነበር። «ልስቅ ነበር» አለ። «ስልኬ ጮኸ።»

«እኔ ላይ ብትቀልድ ግድ የለኝም። እኔም በካልሲህ ስቄብሃለሁ። እሳቸው ግን ያችን ያለቀች ትንፋሻቸውን እየቆጠቡ ነበር የሚያስተምሩኝ። አንተ ደግሞ እንግዳቸው ነበርክ ሲራክ። ሌላ እንግዳ አልነበራቸውም።»

«ብሩኬ፣ ምን ላድርግ? በይ ንገሪኝ።»

«ሐሙስ ልጃቸው ከካሊፎርኒያ መጥቶ ዕቃውን ያስጭናል። እኔም ቤቱን እለቃለሁ። ረፋዱ ላይ፣ ጫኞቹ ሳይመጡ፣ ለእሳቸው የመጨረሻውን ሻይ እመታለሁ። እናትህን ይዘሃቸው ና። እኔ ፊት ‹ውሸቴን ነበር› በላቸው። ከዚያ ስሟን ጠይቀኝ።»

«ባይሆንስ?»

«ባይሆንማ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ጠንቋይ ያደርጉኛል፤ አንተ እያወቅህ ዝም ትላለህ። በዚህ ላይ ትዳር አይቆምም።»

ሐሙስ እናቱን ይዞ መጣ። ሕንፃው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ። ብሩክታይት አራተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አሉ። «ያቺ ሴትዮ በእኔ ነው የሞተችው?»

«ሐኪሙ ሳንባቸው ያለቀ ነበር አለ እኮ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ያ ድስት ግን፣ የነገርከኝ ነገር ነበረበት አይደል? እኔ በከንቱ አላፈሰስኩም አይደል ልጄ?»

እጃቸው ጭናቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሲራክ ያን መንቀጥቀጥ ያውቀዋል፤ በዚያው ቤት፣ በሌላ አሮጊት እጅ ላይ አይቶታል። እውነቱን ቢነግራቸው እኚህ ሴት ምንም ያላጠፋች ሰው መግደላቸውን ይዘው እስከ መቃብር ይሄዳሉ። ባይነግራቸው መስኮቱ ላይ ያለችው ትሄዳለች። ቀና አለ። አሁንም ቆማለች። እናቱን አየ።

«አዎ እማዬ» አለ። «ነበረበት።»

በሕይወቱ ሳይስቅ የዋሸው ያን ቀን ነው።

ወይዘሮ እታለማሁ አማተቡ። እጃቸው ረጋ። «ተመስገን» አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መቀመጫው ላይ ተደገፉ። «ያን ቤት አልረግጥም። አንተ ግባና ተሰናብተሃት ና።»

ወዲያው አልወጣም። መሪውን ይዞ ስንት እንደቆየ አያውቀውም። ቀና ሲል መስኮቱ ባዶ ነበር።

አራተኛ ፎቅ በሩ ገርበብ ብሏል። ጫማውን አወለቀ። ያን ቀን አዲስ ካልሲ ነበር ያደረገው። ቤቱ ካርቶን ብቻ ሆኗል። ድስቱ፣ ሙዳዩ፣ መምቻው ሁሉ ገብተዋል። አንዱ ካርቶን ላይ የዘገየ ዝናብ ስብራት በቀዩ ሐር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ምንጣፉ ላይ የቀረው ሳህኑ ብቻ ነው፤ ውስጡ ሻይ አለ፣ ፊቱ ወደ እንግዳው መቀመጫ ዞሯል። እሱ የቀረጻትን ማንኪያ ፈለገ። የለችም። ይዛት ሄዳለች። በኋለኛው ደረጃ ወርዳ፣ እሱ መኪና ውስጥ ሳለ።

ተንበረከከ። ሳህኑን በሁለት እጁ ሲያነሳው ገና እንደሞቀ ነበር፤ አረፋውም አልጠፋም። አዙሮ ጠጣ። ከዚያ እጁን ምንጣፉ ላይ አድርጎ ለባዶው መቀመጫ ጎንበስ አለ።

«ስሟ ማነው?»

ጫኞቹ በሩን አንኳኩ። ሳህኑን ሳሙና ሳይነካው አጠበ፣ አደረቀ፣ ካርቶኑ ውስጥ አስገባና ወጣ።

ብሩክታይት ስልኳን ቀይራለች። ሲያትል ገባች የሚል አለ፣ ዳላስ ናት የሚልም አለ። የማንኪያዋን ስም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ሞተዋል። ሲራክ አሁንም ኦክስጅን ያደርሳል። ስለ ዝይዋ ሲጠይቁት «ውሸቴን ነው» ይላል፤ ሰውም ከእሱ ጋር መቀመጥ እየሰለቸው ነው። እናቱ በየጠዋቱ ሲጸልዩ «ከዚያ ክፉ መንፈስ ያወጣህልኝን ልጄን ጠብቅልኝ፤ ለዚያች ለማታውቅህ እናትም ነፍሷን ማርላት» ይላሉ። እሱ እዚያ ሲደርሱ ከቤት ይወጣል።

እንግዲህ ጎማዬ ነገር ሳያገኘው አንዲት ነገር ላርም። ከነገርኳችሁ ሁሉ የጨመርኳት እሷን ብቻ ናት። ሳህኑ አልሞቀም ነበር። ሲራክ የነገረኝ በረዶ ሆኖ፣ አረፋው ጠፍቶ፣ አረንጓዴው ከሥር ዘቅጦ እንዳገኘው ነው። እንደዚያው ጠጥቶታል። እኔ ነኝ ሳወራው ቀዝቃዛውን ላጠጣው ያልቻልኩ።